አንድ አንተ፣ አንድ እኔ

ኃይለጊዮርጊስ ኮርቻ ሰፊው ሰንጠረዥ የተወው እጁ ደክሞ አይደለም። ዓይኑም ደህና ነበር፤ ሽበት ወሮትም በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባ ነበር። የተወው ስላሸነፈ ነው። ተሸንፎ ገበታ የገለበጠ ሰው የካ ውስጥ ሞልቷል፤ አሸንፎ የተወ ግን ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አልታየም። ምክንያቱን ለሚጠይቁት «ተቀምጬ ስቆይ ወገቤን ያመኛል» ይላቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ኮርቻ የሚሰፋ ሰው!

ነገሩ የሆነው ንጉሡ እንጦጦ አናት ላይ በከተሙ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ተራራው ላይ ድንኳንና ጎጆ በአንድ ክረምት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ጦር ባለበት ፈረስ አለ፣ ፈረስ ባለበት ደግሞ የተቀደደ ኮርቻ አይጠፋም። ኃይለጊዮርጊስም ይህን አስቦ ወስፌውን በአገልግል ይዞ ከቡልጋ መጣና ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ጎጆ ቀለሰ። ያኔ ዕድሜው ሠላሳን ቢያልፍ ነው። እጀ ፈጣን ነበር። ሌላው ሰፊ በሦስት ቀን የሚጨርሰውን በአንድ ቀን ተኩል ያወጣዋል፣ ይህንንም ሳይናገር አያድርም። ሚስቱ የማርያምወርቅ «እጅህና አፍህ እሽቅድምድም ይዘዋል፤ እስካሁን ግን አፍህ ይቀድማል» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። ምስጋና ይወድ ነበር ሰውዬው፤ ማን አይወድም? ግን እሱ ትንሽ አበዛው።

እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር፣ ሦስት ሰዎች ሰንጠረዥ ይቀመጣሉ። አንደኛው ኃይለጊዮርጊስ ነው። ገበታው የእሱ ነው፤ ለባለሟሎች ኮርቻ ከሚያለብሰው ቀይ ቆዳ ቆርጦ፣ መስመሩን በጥቁር ጠፍር ሰፍቶ ያበጀው። ሁለተኛው የየካ ሚካኤሉ መሪጌታ ገብረማርያም ናቸው፤ ከሚጫወቱት ይልቅ የሚናገሩት ይበዛል። ሦስተኛው ቀጀላ ነው። የቀጀላ አያት ያረሰውን አባቱ አርሶ፣ አባቱ ያረሰውን እሱ የሚያርስ የዚያው የየካ ሰው ነው። ፈረስም ያረባል። ኃይለጊዮርጊስና ቀጀላ የተዋወቁት በአንድ ጀርባው በተላጠ ፈረስ ምክንያት ነው። ቀጀላ ኮርቻውን ገልብጦ አየና «ኮርቻው ደህና ነው፣ የጫነው ሰው ነው ጥፋተኛ» አለ። ኃይለጊዮርጊስ ያን ቀን ወዳጅ አገኘ።

ሰንጠረዥ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እንንገረው። ገበታው ላይ ሁለት ትንንሽ ጦሮች ወዲህና ወዲያ ይሰለፋሉ። መካከል ላይ ንጉሥና ፈርዝ የሚባለው አማካሪው ይቆማሉ፣ ከእነሱ ወዲያ ፊልና ፈረስ፣ ዳርና ዳር ደግሞ ደር የሚባሉት ጉልበተኞች። ከፊት ለፊት መደቆች ይደረደራሉ፤ መደቅ ማለት ምስኪኑ እግረኛ ነው። ጨዋታው በወረራ ይጀመራል። «ወረራ!» ሲባል ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጦሩን እንዳሻው ያዘምታል፤ አንደኛው የሌላውን አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራ ያበቃል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይኬዳል። ስለዚህ ወረራ ላይ ጭንቅላት ብቻ አይበቃም፤ እጅ ይፈልጋል።

የቀጀላ ቀኝ እጅ ደግሞ የተጎዳ ነበር። አንድ ዘመቻ ላይ ጦር መዳፉን በስቶት ሦስት ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀርተዋል። ጠጠር የሚያነሳው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ፣ እንዳይወድቅበት እየተጠነቀቀ ነው። ግራ እጁ ደህና ነው፤ ግን ግራ እጅ በሰው ፊት ምን ይሠራል? በግራ እጅ ሰው አይጨበጥም፣ ከሰው አይቀበሉም፣ ንጉሥ የሚሉትን ጠጠርማ ማን በግራው ይነካል! መሪጌታ አንድ ቀን አዝነውለት «እኔ ፈቅጄልሃለሁ፣ በግራህ ተጫወት» ቢሉት «አባቴ ከየትም ሆኖ የሚያየኝ ይመስለኛል» ብሎ እምቢ አለ።

ሕጉን ያወጣው ራሱ ኃይለጊዮርጊስ ነው፤ ይህ ይታወቅለት። አንድ እሑድ ቀጀላ ሁለት መደቅ ሳያንቀሳቅስ እሱ ጦሩን በሙሉ አውጥቶ ፈረሱን በላበት። የቀጀላን እጅ ቀና ብሎ ሲያይ አፈረ። ጠጠሮቹን መልሶ ደረደረና «ከእንግዲህ ከአንተ ጋር ወረራም በተራ ነው። አንድ አንተ፣ አንድ እኔ» አለ። ቀጀላ ምስጋና አላበዛም፤ አንድ መደቅ አነሳና ገፋ፣ ከዚያ እጁን አጥፎ ጠበቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ በወይራው ሥር ሕግ ሆነ። እንዲህ ሲኬድ ታዲያ ከአሥሩ ሰባቱን የሚያሸንፈው ቀጀላ ነበር። ያውም በመደቅ! ንጉሥን በደር መያዝ ማንም ጉልበተኛ ይችላል፤ በእግረኛ መያዝ ግን የጨዋ ጨዋታ ነው፣ ሰው ያጨበጭባል። ኃይለጊዮርጊስ በደር ያሸነፈ እንደሆነ መሪጌታ «የታሰረ በሬ አረደ» እያሉ ቁም ስቅሉን ያሳዩታል።

በተዋወቁ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ማብቂያ ላይ ቀጀላ ቤት ስድስት ወታደሮች ተመሩ። ያኔ ጦሩ ደመወዝ የለውም፤ ባላገር ላይ ይመራል፣ ባላገር ይቀልበዋል። ስድስቱ መጡና ትልቁን ቤት ያዙ። ቀጀላ፣ ሚስቱ ጂቱና ሦስት ልጆቻቸው ከብቶቹ ጋር በረት ገቡ። ጂቱ ቀን ሙሉ ትፈጫለች፣ ወታደር ግን አይጠግብም። ትንሿ ልጅ መሳል ጀመረች። ቀጀላ መጀመሪያ መጀመሪያ «የከብት ትንፋሽ ይሞቃል፣ ቤቱ ይበርደን ነበር» እያለ ይቀልድ ነበር፤ በኋላ ቀልዱን ተወው። ኃይለጊዮርጊስ አንድ ትልቅ ቆዳ ወስዶ በበረቱ ቀዳዳ ላይ ሰፋለት። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምንለው በኋላ የሚመጣውን ስለምናውቅ ነው።

የወታደሮቹ አለቃ ፊታውራሪ አባይነህ ሰንጠረዥ ወዳድ ነበሩ። ምግብ ቀርቦላቸው ሰንጠረዡ ላይ እንዳቀረቀሩ የሚረሱ ሰው ናቸው ይባል ነበር። ዘመቻ ሳይወጡ በፊት ከኅዳር ሚካኤል ማግስት እንጦጦ ላይ ከድንኳናቸው ደጅ ሰንጠረዥ የሚችል ሁሉ እንዲመጣ አስነገሩ። ሁሉን ያሸነፈ ከእሳቸው ጋር እየተቀመጠ ይጫወታል። ከዚያም በላይ አንድ ነገር ይለምናል፤ የሚቻል ከሆነ አይነፍጉትም።

ሦስቱ ጓደኛሞች ያን ቀን ጠዋት ተራራውን አብረው ወጡ። መሪጌታ ከኋላ ቀርተው በየድንጋዩ ላይ ያርፋሉ። ቀጀላ የቆየውን ጋቢ አጥቦ ለብሷል።

«ካሸነፍኩ የምለምነውን አውቄዋለሁ» አለ።

«ምን ልትል ነው?» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

«ወታደሮቹን ከቤቴ ያንሱልኝ እላለሁ። ሌላ ቦታ ይምሯቸው። ለእሳቸው የአንድ ቃል ነገር ነው። ለእኔ ግን ልጄ በዚህ ብርድ በረት ውስጥ ሌላ ወር አትዘልቅም።»

«እግዜር ይርዳህ።»

ቀጀላ ጥቂት ሄደና «አንተስ? ብታሸንፍ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ኃይለጊዮርጊስ ሳቀ። «እኔ ማን ነኝና! እዚያ ከተማ ስንት አዋቂ አለ መሰለህ» አለው። ያን ጊዜ አፉ የተናገረው ልቡ ያሰበውን ነው፤ እንደሚያሸንፍ አልጠረጠረም። ይህን መልስ ግን በኋላ ዘመኑን ሁሉ ሲያኝከው ኖረ። ለምን ሌላ ነገር አላልኩም ይል ነበር።

ድንኳኑ ደጅ ሰው እንደ ገበያ ተሰብስቧል። የሰንጠረዥ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አይችልም፤ «ፈረስህን! ፈረስህን!» «አይ እሱን ተወው፣ ፊሉን አውጣ!» እያለ ተጫዋቹን ያደነቁራል። ሥርዓቱ ስለሆነ ማንም አይቆጣም። መሪጌታ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፉና ተነስተው «ዳዊት የደገመ አፍ ወረራ አይችልም» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ዝም ሊያሰኛቸው አልቻለም። ኃይለጊዮርጊስ ሦስት ሰው በወረራ ደቆሰ። እጁ ሲሮጥ ሰው «ወይ እጅ!» ይላል፣ እሱም «ወይ እጅ» ባሉት ቁጥር ይብሳል።

ቀጀላ ግን ሌላ ነበር። እንግዳ ሰው «አንድ አንተ፣ አንድ እኔ» አይለው ነገር፤ በወረራ ጊዜ ሦስት አራት ጠጠር ብቻ አንስቶ፣ ሌላውን እንደተደረደረ ትቶ ይቀመጣል። ባላጋራው ተንደርድሮ ይመጣበታል፣ ይበላበታል። ከዚያ ተራ በተራ ሲሆን ቀስ እያለ አንድ በአንድ ይለቅመዋል። ሁለቱን እንዲህ አድርጎ ጣለ። ሦስተኛውን ሲያሸንፍ ንጉሡን የያዘው በመደቅ ነበርና ፊታውራሪው ራሳቸው ጭናቸውን መቱ። «የማነው ይህ ሰው?» ብለው ጠየቁ። «የካ ያለ ባላገር ነው» አሏቸው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁለት ሰው ቀረ፤ ኃይለጊዮርጊስና ቀጀላ። ሰው ሁሉ ጓደኛሞች መሆናቸውን ሲሰማ ሳቀ። ቀጀላ ደግሞ ፊቱ ፈክቷል፤ ከመቀመጡ በፊት ወደ ዳር ወጥቶ ወደ ታች ከምትወርድ አንዲት ጎረቤቱ ጋር ጥቂት ተነጋግሮ ተመለሰ። ተቀምጦ ጠጠሩን ሲደረድር ኃይለጊዮርጊስን ዓይን ዓይኑን እያየ ፈገግ አለ።

ኃይለጊዮርጊስ በልቡ «በተራ እሄድለታለሁ» ብሎ ነበር። ይህን ማለቱ እውነት ነው፤ ራሱን እስኪጠላ ድረስ ሲመረምር የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ያላለውን ብሎ ነበር አይልም። እንዲያውም ለፊታውራሪው «ጌታዬ፣ ከዚህ ሰው ጋር ወረራውም በተራ ይሁንልኝ፤ እጁ በዘመቻ የተጎዳ ነው» ብሎ ለመናገር አፉን አሟሽቶ ነበር። የአንድ ትንፋሽ ነገር ነው። ፊታውራሪው ዘማች ይወዳሉ፤ እሺ ማለታቸው አይቀርም።

«ወረራ!» ተባለ።

ቀጀላ አንድ መደቅ ቆንጥጦ አንድ ቤት ገፋና እጁን አጠፈ። እንደ ወይራው ሥር መሆኑ ነው። ኃይለጊዮርጊስም አንድ ገፋ። አፉ ከመከፈቱ በፊት ግን ፊታውራሪው «እስኪ እጅህን ልየው፣ በእኔ ፊት ደከመህ እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ያቺ ሳቅ በቃች። ሁለተኛ መደቅ ገፋ፣ ሦስተኛ፣ ፈረሱን አወጣ፣ ፊሉን አሻገረ፤ «ወይ እጅ! ወይ እጅ!» አለ ሰው። ቀጀላ ቀና ብሎ አየው። ሁለተኛውን መደቅ ለማንሳት እጁን ዘረጋ፤ መደቁ አመለጠውና ገበታው ላይ ተንከባለለ። ግራ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ፤ ገበታው ላይ አንዣበበና መልሶ ከጋቢው ሥር ከተተው። ከዚያ በኋላ ምንም አላደረገም። እጁን አጣጥፎ ጓደኛው ጦሩን ሲያሰልፍ ያይ ጀመር።

መሪጌታ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

የቀረው ብዙ አይወራም። ኃይለጊዮርጊስ ፈርዙን በላ፣ ወረራ አበቃ፣ ተራ በተራ ሆነ። ቀጀላ እንደ ሌሎቹ ሊለቅመው አልሞከረም፤ እንዲያው ለወጉ ያህል ይገፋል። ኃይለጊዮርጊስም ይህን አየ፣ «ተስፋ ቆርጦ ነው» ብሎ አለፈው። ንጉሡን በመደቅ ያዘ። በሕይወቱ ካሸነፋቸው ሁሉ ያማረው ድል ይኸው ነበር። ጭብጨባው ተራራውን አናወጠው። ቀጀላ ተነሳ፣ ለፊታውራሪው እጅ ነሳ፣ ኃይለጊዮርጊስን ትከሻውን ይዞ ሳመው፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። ፊቱ እንደፈካ ነው።

«በል፣ ያሻህን ለምን» አሉ ፊታውራሪው።

እዚህ ላይ ኃይለጊዮርጊስን ቆም ብለን ማየት አለብን፤ እሱም በኋላ ዕድሜ ልኩን ራሱን ያቆመው እዚህ ላይ ነውና። ቀጀላ የሚለምነውን ያውቃል። ወደ ተራራው ሲወጡ በጆሮው ሰምቷል። ስድስት ወታደር፣ አንድ ቃል። ግን ከድንኳኑ ደጅ አንዲት ዳማ በቅሎ ታስራለች፤ ልጓሟ ያብረቀርቃል፣ ኮርቻዋ እሱ ራሱ የሰፋው ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎበታል። በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር አሰበ። «ለእሱ ብለምን ተስማምተው ነው የተጫወቱት ይሉናል» አለ። «ዛሬ ባይሆን ነገ አለ፤ ከሳቸው ጋር ከተለማመድኩ በኋላ በወዳጅነት እለምናቸዋለሁ፣ ያኔ እንዲያውም ይቀላል» አለ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጣም።

«ያቺን በቅሎ፣ ጌታዬ» አለ።

ፊታውራሪው ሳቁ። «ከነኮርቻዋ!» አሉ። ሰው እልል አለ።

ኃይለጊዮርጊስ የቀጀላን ፊት አየ። ፈገግታው በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ የተሰደበ ሳይሆን በደንብ ያልሰማ ሰው ይመስል ነበር። በቅሎዋ ስትመጣ ግን ቀጀላ ቀርቦ በዚያች በተጎዳች እጁ እርካቡን ያዘለት። ያሸነፈ ሰው ሲወጣ ወዳጁ እርካብ ይይዝለታል፤ ወጉ ነው። ኃይለጊዮርጊስ ወጣ። ቁልቁል ሲወርዱ እሱ በበቅሎ፣ ቀጀላ በእግር ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ልውረድ ብሎ አሰበ። የካ ሚካኤል አጠገብ ሲደርሱ ቀጀላ «በል፣ እኔ ከብት አስገባለሁ» ብሎ በአቋራጩ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ኃይለጊዮርጊስ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ፊታውራሪው ዘንድ ይወጣ ነበር። ሁልጊዜ ሲወጣ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ይላል። አንድ ቀን ፊታቸው አልፈካም። አንድ ቀን እንግዳ ነበረባቸው። አንድ ቀን ደግሞ እሱ አሸንፏቸው ነበርና የተቀየሙ መሰለው። እሑድ ወይራው ሥር ቀጀላ አልመጣም። በሁለተኛውም እሑድ አልመጣም። ኃይለጊዮርጊስ ወደ ቤቱ ሄዶ ሊያየው ሲያስብ በረቱን ያስታውሳል፣ ይመለሳል። «እጄ ነው የፈጠነብኝ፤ ሕጋችንን አፈረስኩበት፣ በዚህ ተቀይሞኛል» አለ ለሚስቱ ለየማርያምወርቅ። እሷም «ሄደህ ንገረዋ» አለችው። አልሄደም።

ጥምቀት እንዳለፈ ፊታውራሪው ዘመቱ። በቀጀላ ቤት ከስድስቱ ወታደሮች ሁለቱ ሄዱ፣ በምትካቸው አራት መጡ። አዲሱ አለቃ ሰንጠረዥ አያውቅም፣ ኮርቻ ሰፊም አያውቅም። በየካቲት መጨረሻ መሪጌታ ወደ ኃይለጊዮርጊስ ቤት መጡና ሳይቀመጡ «ቀጀላ ተነሳ» አሉት።

«የት?»

«ሁለት አህያ ጭኖ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ገና ሳይነጋ። ለገጣፎን አልፎ ዘመድ አለኝ ይል ነበር።»

ኃይለጊዮርጊስ ሮጠ። ቤቱ ደጅ ሲደርስ ወታደሮቹ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንደኛው አወቀውና «ደህና መጣህ! ኮርቻዬ ተፈታብኝ፣ ትሰፋልኛለህ?» አለው። በረቱ ባዶ ነበር። ቀዳዳው ላይ የሰፋው ቆዳ እንኳን ተወስዷል፤ እንዲያውም በዚህ ትንሽ ተጽናና። ተመልሶ በመሪጌታ ፊት አለቀሰ። መሪጌታ ልባቸው ሩኅሩኅ ነው፣ አፋቸው ግን አይተኛም፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃይለጊዮርጊስ ገበታ ፊት አልተቀመጠም።

አራት ዓመት አለፈ። ኃይለጊዮርጊስ ልጅ ወለደ፣ ጎጆውን አሰፋ፣ በሠፈሩ «ባለ በቅሎው» ተባለ። ስሙን በጠሩት ቁጥር ይጠዘጥዘዋል። አንድ ቀን ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ ባላገር የፈረሱን ጀርባ እያሳየ «ለገጣፎ ማዶ ፈረስ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ እሱ ኮርቻው ደህና ነው፣ የጫንከው አንተ ነህ ጥፋተኛ አለኝ» አለ። ኃይለጊዮርጊስ ወስፌውን አስቀመጠ። በማግስቱ በቅሎውን ጭኖ ወጣ። የሚሄድበት ሌላ ከብት አልነበረውም።

መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሲያበጅ ነበር። «ወንድሜ፣ እጄ አሳፈረኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩት እኔ» ይላል። ከመንደሩ ሲደርስ በቅሎዋን ከሩቅ ከግራር ጀርባ አሰራትና በእግሩ ገባ። ቀጀላ ደጁ ላይ አንድ ውርንጭላ ይዞ ጥርሱን ያያል። ሸብቷል። ቀና ብሎ አየው፣ ውርንጭላውን ለቀቀና «ኃይሌ! በእግርህ ነው የመጣኸው? ግባ እንጂ!» አለ። ጂቱም ወጣች፣ ጉልበቱን ሳመች፣ ገንፎ ልታገነፋ ገባች። ትልልቆቹ ሁለቱ ልጆች አድገዋል። ሦስተኛዋ አልነበረችም። ኃይለጊዮርጊስ አልጠየቀም፤ እነሱም አልነገሩትም።

ገንፎው ቀረበ። ኃይለጊዮርጊስ መቅመስ አልቻለም። መንገድ ላይ ያበጀውን ቃል ሁሉ እንደ ድርሰት አወጣው፤ እጄ ፈጠነ፣ ሰው ሲስቅብኝ ጊዜ ጠፋሁ፣ ሕጋችንን አፈረስኩ፣ በወይራው ሥር የተባባልነውን አረከስኩ፣ በዚህ ተቀይመህ መሄድህን አውቃለሁ አለ። ቀጀላ ግንባሩን ቋጥሮ እስኪጨርስ ሰማው። የገባው አይመስልም ነበር።

«የምን እጅ?» አለ በመጨረሻ።

«ወረራ ላይ። በፊታውራሪው ፊት።»

«እሱን ነው እንዴ?» ቀጀላ ራሱን ነቀነቀ። «እጅህንማ አውቀዋለሁ። ልጫወት ብል ሁለት ሦስት ጠጠር አንስቼ እንደ ሌሎቹ እለቅምህ ነበር። እንዲያውም ግራዬን አውጥቼ ነበር፤ ኋላ ግን ምን አደከመኝ አልኩ። አንተ ብታሸንፍ እኔ፣ እኔ ባሸንፍ እኔ። ሁለታችን ከቀረን ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበርኮ። አንተ ታሸንፍ ብዬ ተውኩት።»

ኃይለጊዮርጊስ ቀና ብሎ አየው።

«እጅህን አልጠበቅኩም ኃይሌ» አለ ቀጀላ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። «የጠበቅኩት አፍህን ነው። በዚያች ጎረቤታችን ለጂቱ መልእክት ሰድጄላት ነበር፤ የቀረነው እኔና ኃይሌ ነን፣ ማንም ያሸንፍ ወታደሮቹ ዛሬ ይነሳሉ ብዬ። ጂቱም የልጆቹን መኝታ ከበረት አውጥታ፣ ደጅ አስጥታ፣ አራግፋ፣ ቤት ልታስገባ አዘጋጅታ ስትጠብቀኝ ደረስኩ። ትንሿ መኝታው ላይ ተኝታ ነበር። እንደተኛች አንስተን መልሰን በረት አስገባናት።»

ጂቱ ፊቷን አዙራ ወደ ምድጃው ሄደች። ኃይለጊዮርጊስ አራት ዓመት ሙሉ የተሸከመው ጥፋት የሱ እንዳልነበረ፣ የሱ ጥፋት ይኸኛው እንደሆነና ለዚህኛው አንድ ቃል እንኳን እንዳላዘጋጀ ገባው። ቀጀላ ገንፎውን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት።

«ብላ እንጂ ኃይሌ» አለው፣ «ይቀዘቅዝብሃል።»